በፋብሪካ ማሽን እጁን የተጎዳው ወንድሜ ይፈርም ወይስ አይፈርም?

የአባይ ማዶ ልጅ (ፍራንክፈርት)
የተከበራችሁ የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ተወላጆች፣ ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ፋብሪካ በጥጥ ማበጠሪያ ማሽን ላይ ሲሠራ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተቆርጠውበት፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከታከመ በኋላ ቤት ተኝቷል። ጥጡ ስለታፈነ ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ሲከፍት ሲሊንደሩ ገና መሽከርከሩን አላቆመም ነበር። አሁን ከፋብሪካው ሰው መጥቶ የሦስት ወር ደመወዝ ተቀብሎ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብሎ እንዲፈርም ጠይቆታል። እናታችንም «ከሰው አትካሰሱ፣ ለቀሪው ሕክምና አንተ ላክለት» ትለኛለች። ይፈርም? እዚህ ሆኜስ ስለ እርሱ መከራከር እችላለሁ?

ጋሼ የጣና ዳር (ሙኒክ)
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። በጀርመን ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥራ አደጋ መድን በሕግ የቆመ ሲሆን፣ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ብቻ ነው። ሠራተኛው የማንንም ጥፋት ሳያስረዳ ይታከማል፣ ሌላ ሙያም እንዲማር ይደረጋል፤ በአንጻሩ አሠሪው ሆን ብሎ ካልጎዳው በቀር ሊከሰው አይችልም። መድኑ ለአደጋ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሚበዛበት፣ ክዳኑ ሲከፈት እንዳይሽከረከር የሚቆልፍ መሣሪያ እንዲገጠም ራሱ ይወተውታል። ወንድምህ አይፈርም።

የሽንብጥ ልጅ (ዴንቨር)
ጋሼ፣ የነገሩን ትክክል ነው፤ ልጁ የሚዳኘው ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚያ አዋጅም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በጉዳቱ ምክንያት መሥራት እስካልቻለ ድረስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። እንግዲህ እንደ ስጦታ የቀረበለት የሦስት ወር ደመወዝ ተኝቶ ለከረመበት ጊዜ ብቻ የሚገባው ነው፤ ለጣቶቹ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም ማለት ነው። የሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው። ዘላቂውን ጉዳት በተመለከተ መጠኑን የሕክምና ቦርድ ይወስናል፤ የጡረታ መዋጮው (ከእርሱ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) በስሙ ገቢ መደረጉንም ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ የወረቀቱን ቃል አስነብበው። ሕጉ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ አሠሪውን ነጻ ሊያደርገው ስለሚችል፣ «መመሪያ ጥሼ ክዳን ከፍቼ» የሚል ሐረግ ካለበት ፊርማው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መብቱንም ይወስድበታል። በሽፍቱ አብረውት የነበሩት ሰዎች ማስታወሳቸው ሳይደበዝዝ የምስክሮችን ስም ይያዝ፤ የሥራ ክርክር ክስም በመርሕ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።

እታለም (ቶሮንቶ)
ሕጉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እናቲቱን ግን ማን አሰባት? በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የፋብሪካው ኃላፊ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። እኔ ወንድሜን በሞት ካጣሁ ወዲህ፣ ሰንበት በመጣ ቁጥር ለቤት ከመላክ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ገንዘቡን ላክለትና ይታከም፤ ክሱ ለዓመታት ሊጎተት ይችላል።

የሽንብጥ ልጅ (ዴንቨር)
እታለም፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ነገር ግን እኛ በላክን ቁጥር ፋብሪካው የሚከፍለውን እኛ እየከፈልንለት ነው። ክዳኑን ያለ መቆለፊያ የተወው አሠሪ ምንም ካልወጣበት፣ ነገ በዚያው ማሽን ላይ የሌላዋን እናት ልጅ ያስቀምጣል።

እታለም (ቶሮንቶ)
የነገዋን እናት ለማዳን የዛሬዋን ልጅ ያለ መድኃኒት አስተኝተን እንጠብቅ ነውን?

የአባይ ማዶ ልጅ (ፍራንክፈርት)
ወንድሜ ወረቀቱን በስልክ አነበበልኝ። «ከተሰጠኝ መመሪያ ውጭ» የሚለው ቃል በሁለተኛው መስመር ላይ አለ፤ እንዳይፈርም ነግሬዋለሁ። ለመድኃኒቱ ግን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ደረሰኞቹን ሁሉ እንዲያስቀምጥና ከፋብሪካው እንዲጠይቅ አሳስቤዋለሁ። እናቴ አልተቀበለችኝም። ከዚህ ሆኜ መከራከር መቻሌን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ።

እታለም (ቶሮንቶ)
መላክህ መልካም ነው። እናትህን ግን በስልክ አትሟገታት፤ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ ላክ።