የእንግሊዝኛውን ሶንተር (saunter) «ተንሸራሸረ» ማለት ይቻላል?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎቼ አጭር የእንግሊዝኛ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ አንድ ሰውዬ ሲገባ ታሪኩ «ሶንተርድ ኢን» (sauntered in) ይለዋል። ልጆቹ ስትሮልንም (stroll)፣ ሶንተርንም፣ አምብልንም (amble) «ተንሸራሸረ» ይሏቸዋል። ስብሰባ ውስጥ ማን ይንሸራሸራል? ምን ልበለው?

የአዌቱ ልጅ፦
ስትሮል ማታ ማታ ፈረንጅ አራዳ ወክ የምንወጣው ዓይነት ነው። ሶንተር ላይ ግን አረማመዱ ራሱ ይናገራል። አርፍዶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ማን ምን ይለኛል ብሎ ሲገባ ነው። «ጎምለል እያለ ገባ» በለው።

የኔታ፦
የለም። ሶንተር ከፈረንሳይኛው «ሴንት ቴር» ነው፤ ቅድስት ምድር ማለት። ኢየሩሳሌም ልሳለም እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩትን ነው የሚለው። አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1862 በታተመ ጽሑፉ አስፍሮታል። የእኛም ግእዝ አለው፤ ዘፍጥረት 3 ስለ እግዚአብሔር «እንዘ ያንሶሱ ውስተ ገነት» ይላል። ሶንተር ማለት ያ ነው።

የአዌቱ ልጅ፦
የኔታ፣ ቶሮ መጻፉ እውነት ነው። የቃል ምንጭ አጥኚዎች ግን አይቀበሉትም። ደግሞ «ያንሶሱ»ን አማርኛው «ሲመላለስ» ነው ያለው። ኢዮብ 1 ላይ ሰይጣንም «ተመላለስሁ» ይላል። እሱም ሊዝናና ነው የወጣው?

የኔታ፦
አማርኛውን ተወውና ግእዙን ያዝ። መዝሙር 1 «ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ይላል፤ በክፉዎች ምክር ያልሄደ ማለት ነው። ሖረ መድረሻ አለው። የ«ያንሶሱ» ግስ አንሶሰወ ግን የለውም። ዳዊት የደገመ ሰው ይህን አይስተውም።

የአዌቱ ልጅ፦
መድረሻ ከሌለውማ ዋንደር (wander)፣ ዝም ብሎ መዞር ሆነ! ሶንተር ያለው ሰው እኮ የሚሄድበትን ያውቃል። አይቸኩልም እንጂ።

ፈረሰኛው፦
አምብልን ረሳችሁት። ሥሩ የላቲኑ አምቡላሬ ነው፤ መሄድ ማለት። እንግሊዝኛ ሲገባ ግን መጀመሪያ የፈረስ ቃል ነበር። ፈረሱ በአንድ ጎን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች አብሮ እያነሳ ሲሄድ ነው። ሶምሶማ ላይ የሚያነሳው አግድም ተቃራኒዎቹን ስለሆነ ወገብ ያንገጫግጫል። አምብል አያንገጫግጭም። ሰው ላይ ሲውልም ያ ምቾት አብሮት አለ። ስለዚህ «አዘገመ» እንዳትሉት። ማዝገም ድካም አለበት፣ እርጅና አለበት።

ጠያቂ፦
ፈረሰኛው፣ ይቺን ለልጆቹ ነገ እነግራቸዋለሁ። ስብሰባ የገባው ሰውዬስ?

የኔታ፦
ማዝገም ላይ ፈረሰኛው ልክ ነው። ያንሶሱ ላይ ግን አልለቅም። የኢዮብንም የግእዙን ንባብ አውጡትና እንየው።