የደንጊና ቺኩንጉንያ ዝግጅት በድሬ፦ ኢንሲደንት ማናጀሩ ማን ይሁን? ጭሱስ?

ከዚራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ክረምቱ ሳይገባ በትንኝ ለሚተላለፈው የደንጊና የቺኩንጉንያ ትኩሳት ወረርሽኝ የዝግጅት ዕቅድ እየጻፍን ነው፤ ከተማው ድሬዳዋ። ሁለት ነገር ላይ ተከራክረን አልተስማማንም። አንደኛ፣ ኢንሲደንት ማናጀሩ (የወረርሽኙን ምላሽ ዕለት በዕለት የሚመራው ሰው) የፔም (የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች አስተዳደር) ባለሙያ ይሁን ወይስ ቃሉ እንዲከበር የመሥሪያ ቤት ኃላፊ? ሁለተኛ፣ ትኩሳት በተነሳ ቁጥር ግብረ ኃይሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፀረ ትንኝ ጭስ ርጭት ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ትንኟ በምትራባበት የውሃ በርሜል ላይ እንሥራ ይላል። ማን ልክ ነው? መጠንና ቅደም ተከተል ያለው መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል። «ተቀናጅተን እንሥራ» የሚል ሰነድ ሞልቶናል።

የመስክ ኤፒ፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ሥራ አቀላቅሏል። ኃላፊው ገንዘብ ይፈቅዳል፣ ከካቢኔው ጋር ይነጋገራል፣ የአደጋ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከሉ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ይወስናል። ኢንሲደንት ማናጀሩ ዛሬ ማን የት እንደሚሰማራ ይቆርጣል። ሁለቱ በአንድ ሰው ሲያዙ ኃላፊው ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ማዕከሉ ሥራ ፈቶ ይውላል።

ስለዚህ ማናጀሩ ባለሙያ ይሁን። ግን ባለሙያ ሲባል ሁሉም የሚጠቁመው ጎበዙን ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታ ስርጭት ተንታኝ፣ «ኤፒ») ነው፤ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። እሱን ማናጀር ስታደርጉት መረጃውን የሚተነትንላችሁን ሰው አጣችሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ መኪናና ስለ ውሎ አበል ሲሟገት ይውላል፣ ላይን ሊስቱ (የታማሚዎች ዝርዝር መዝገብ) ይወዘፋል፣ ወረርሽኙ ከየትኛው ቀበሌ ወደየትኛው እንደዞረ የሚነግራችሁ የለም። ኤፒውን ዕቅድና መረጃ ክፍል አስቀምጡት። ለማናጀርነት ከጤናው ዘርፍ ውስጥ ሰው ማሰማራት፣ ግዢ ማስፈጸምና «አይሆንም» ማለት የሚችል ፈልጉ። ምክትልም ከመጀመሪያው ቀን ይመደብ፤ ያለ ተተኪ ለሳምንታት የሠራ ሰው ውሳኔው ይዛባል።

ከሹመቱ በላይ ግን የሚያስፈልገው የውክልና ደብዳቤ ነው፤ አሁን፣ ትኩሳቱ ሳይመጣ ይፈረም። ስንት ብር ድረስ ኃላፊውን ሳይጠይቅ እንደሚያወጣ፣ ከየትኞቹ ክፍሎች ሠራተኛና መኪና ማንሳት እንደሚችል፣ ለጋዜጠኛ ማን እንደሚናገር፣ ምን ሲሆን ኃላፊውን በሌሊትም ቢሆን መቀስቀስ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍበት። ይህ ወረቀት በሌለበት ማናጀር የምትሉት ሰው የነዳጅ ኩፖን ለማስፈረም ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ተላላኪ ነው።

ሃያና ሠላሳ ሰው ያለበት ግብረ ኃይል ሥራ ማዘዣ አይሆንም። በማናጀሩ ሥር በቀጥታ የሚሆነው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፣ ቢቻል 5። የጠዋቱ ስብሰባ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፦ ትናንት የታዘዘው ተሠራ? ካልተሠራ ምን ያዘው? ዛሬ ማን ምን ይሠራል? ሪፖርት ማንበብ ከተጀመረ ስብሰባው ሞቷል፣ ሲትሬፑ (የሁኔታ ሪፖርቱ) ቀድሞ ይላክ።

በርሜል አጣቢ፦
ስለ ጭሱ እኔ ልመልስ። የጭስ ርጭት የሚገድለው በዚያች ሰዓት የምትበረውን ትንኝ ብቻ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለውን እጭ አይነካም። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል፣ ስለዚህ ዛሬ ያጸዳችሁት ሰፈር በሳምንቱ በአዲስ ትንኝ ይሞላል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ኤደስ ኤጂፕታይ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ከአልጋ ሥርና ከተሰቀለ ልብስ ኋላ ነው የምታርፈው። መኪናው በዋናው መንገድ እያለፈ በርና መስኮት ከተዘጋ ጭሱ የሚደርሰው አጥር ድረስ ነው።

መርጨት ግድ ከሆነ (አንዳንዴ ግድ ነው) ሰዓቱን ጠብቁ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ ነፋሱ ከ15 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ሲሆን። ቀትር ላይ መሬቱ ስለሚግል ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለትንኝ ግን ምንም። አንድ ዙር ደግሞ ዋጋ የለውም፤ በየ2 እና 3 ቀኑ መደጋገም አለበት።

አሁን በርሜሉ። የድሬ ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው፣ «ውሃ አታጠራቅሙ» ማለት ሰሚ የለውም። ኤደስ እንቁላሏን ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው መስመር በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነው የምትለጥፈው፤ ደርቆ ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜል መድፋት አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ውስጡን በብሩሽ መፈተግ፣ ከዚያ በጥብቅ ክዳን ወይም በገመድ በታሰረ ወፍራም ጨርቅ መሸፈን።

ለማይደፋው ሮቶና የግንባታ ጉድጓድ ቴሜፎስ (እጭ ገዳይ ኬሚካል) 1 በመቶ አሸዋማው ይሻላል። መጠኑ ከንጹሕ ኬሚካሉ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፤ በአሸዋው ሲሰላ፦ ለ100 ሊትር 10 ግራም፣ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም። በርሜሉ ግማሽ ቢሆንም በሙሉ መጠኑ አስሉ፣ ነገ ይሞላልና። ሠራተኛው ሜዳ ላይ ሚዛን ስለማይዝ፣ አንድ ማንኪያ ስንት ግራም እንደሚይዝ ቢሮ ውስጥ መዝናችሁ ያንኑ ማንኪያ አድሉ። በየቀኑ እየተቀዳ በሚሞላ በርሜል ኬሚካሉ ቶሎ ይሳሳል፤ እዚያ ብሩሹ ይበልጣል።

እጭ መኖሩን ስታዩ በርሜሉን አትነቅንቁ፣ ጥላችሁንም አታሳርፉበት፤ እጩ ወዲያው ወደ ታች ይሰምጣል፣ «ንጹሕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ባትሪ አብርታችሁ አየር ሊስብ እስኪወጣ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። 100 ቤት ታይቶ በ18ቱ ውስጥ 31 ዕቃ እጭ ከያዘ፣ የቤት መለኪያው 18 በመቶ፣ የብሬቶ መለኪያው 31 ነው። የቤት መለኪያ ከ5 በመቶ ካለፈ ያ ቀበሌ ቅድሚያ ያግኝ። ለግብረ ኃይሉ ይህን በቀበሌ ቀለም የተቀባ ካርታ አድርጋችሁ አሳዩት፣ ስለ ትንኝ ባሕርይ ሌክቸር አትስጡ።

አንድ ጥቅም ልጨምር፦ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ድሬን የመታው ወባ የተያያዘባት የወባ ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሳይም የምትራባው እዚሁ ሮቶና በርሜል ውስጥ ነው። አንዱ ፍተሻ ለሁለቱም ይሆናል፤ ሁለት ቡድን አትላኩ።

ከዚራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማዕከሉ መቼ ይከፈት የሚለውስ? ቁጥሩ እስኪጨምር እንጠብቅ የሚል ሐሳብ አለ።

የመስክ ኤፒ፦
አትጠብቁ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬ ላይ የተነሳው ቺኩንጉንያ በወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይዟል። መክፈቻው አስቀድሞ ይጻፍ፦ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ አንድ ታማሚ ከተገኘ ማዕከሉ በከፊል ይከፈታል፣ ከአንድ ቀበሌ በላይ ከሆነ በሙሉ። ለወባ መስመሩ ሌላ ነው፤ ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥር ይደረደርና ሁለተኛው ትልቁ ገደብ ይሆናል።

ራሳችሁን በ7፣ 1፣ 7 መዝኑ፦ ለማወቅ 7 ቀን፣ ለማሳወቅ 1 ቀን፣ የመጀመሪያ ምላሹን ለማጠናቀቅ 7 ቀን። ብዙ ጊዜ የሚያዘው የመጀመሪያው 7 ላይ ነው፤ ምክንያቱም ትኩሳት ሁሉ «ወባ» ወይም «ታይፎይድ» ተብሎ ይታከማል። የወባ ምርመራ ኔጌቲቭ የሆነ ትኩሳት በአንድ ጤና ጣቢያ በሳምንት ውስጥ ከበዛ ያው ራሱ ምልክት ነው፣ ደውሉ።

ጁገል፦
ከሐረር። ላይን ሊስት ላይ የመኖሪያ ቀበሌ ብቻ አትጻፉ። ኤደስ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ ሰው የሚነከሰው ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ጋራዥ ሊሆን ይችላል። «ቀን የት ይውላል» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። እኛ ጋ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚመጣው ታማሚ ግማሹ ከምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ በታከመበት ከተማ ከተቆጠረ የተሳሳተ ሰፈር ይረጫል። ድሬም እንዲሁ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል የተከበበች ናት። የሦስቱ ፔም አስተባባሪዎች ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ይኑር፣ በየወሩም እየተደወለ ይፈተሽ። መልእክቱም በአማርኛ ብቻ እንዳይሆን፣ ኦሮምኛና ሶማሌኛው አብሮ ይቀዳ።

ሲስተር፦
ስለ ሕክምናው ማንም አላነሳም። በዕቅዳችሁ የፋርማሲዎች ስብሰባ ይግባ። ደንጊ ተጠርጥሮ እያለ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን ደም ያፈሳል፤ ድሬ ውስጥ ደግሞ ለቁርጥማት ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ነው። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ። ለጤና ጣቢያዎች ደግሞ፣ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ ከ3ኛ እስከ 7ኛ ቀን። «ተሻለው» ተብሎ የተሸኘው ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ድዱ ከደማ ወይም ከደከመ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላክ። ይህ በየካርዱ ጀርባ ይታተም፣ ለቤተሰቡም ይነበብለት።