ጓደኛዬ ፖሊስ ጣቢያ ድጋሚ አልሄድም አለች፣ ምን ላድርግ?

ግራ_የገባት፦ ሰላም፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ጓደኛዬ ትናንት ማታ ተደፈረች፣ የምታውቀው ሰው ነው። ጠዋት ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፣ ተረኛው ሰው በሞላበት ኮሪደር ጮክ ብሎ ምን ሆነሽ ነው ይላታል፣ ቀስ ብላ ነገረችው፣ ከዛ ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን አልጮህሽም፣ ቤቱ ማን ሂጂ አለሽ ምናምን። ባልደረባው ደግሞ ከወዲያ ሆኖ "የፍቅረኛ ጠብ ነው፣ ነገ ትታረቃላችሁ" ብሎ ሳቀ። ስሟን እንኳን ሳይመዘግቡ ወጣን። ታክሲ ውስጥ "እውነቱን እኮ ነው፣ በእግሬ የሄድኩት እኔ ነኝ" አለችኝ፣ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሌላ መንገድ አለ?

ነርሷ፦ የኔ እናት፣ ፖሊሱን ለጊዜው ተዪውና ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ ዛሬውኑ! የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የእርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲሆን ነው የሚሰራው። ገላዋን ታጥባም ከሆነ ትሂድ። ልብሷን በወረቀት ጠቅልሉት፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ ሆስፒታል ለዚሁ ተብሎ የተከፈተ ማዕከል አለ፣ ሐኪሙም አማካሪውም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም እዛው ስለሆኑ ታሪኳን ለአስር ሰው አትደጋግምም።

ሻይ_በሎሚ፦ ቆይ ግን ማታ እሱ ቤት ምን ትሰራ ነበር?

ነርሷ፦ ይኸው፣ ተረኛው እዚህም መጣ።

የድሮ_ሳጅን፦ ፖሊስ ነበርኩ፣ 9 ዓመት፣ ብትሰድቡኝም አልከፋም። እኛ ጋ ሞባይሌ ተሰረቀ ያለን ሰው ለምን ይዘኸው ወጣህ ተብሎ አያውቅም፣ ተደፈርኩ ያለችን ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው እሷኑ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ እንዲህ አድርግ አላለኝም፣ ትልልቆቹ ሲያደርጉ አይቼ ነው የለመድኩት። ሽማግሌ ይግባበት የምንለውም ፋይል እንዲቀንስልን ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፣ ታረቁ ተብሎ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ስትመለሱ የሴቶችና ሕፃናት መርማሪ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ቀጥታ አዛዡ ቢሮ ግቡ።

የለንደኗ፦ የፈረንጅ ፖሊስም መልአክ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2021 ሳራ ኤቨራርድ የምትባል ሴት አፍኖ የደፈራትና የገደላት ፖሊስ ነው፣ ያውም መታወቂያውን አሳይቶ። እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ለንደን ፖሊስ የወጣው የባሮነስ ኬሲ ሪፖርትማ የመደፈር ማስረጃ ያለበት ፍሪዘር ተበላሽቶ ናሙናው እንደተጣለ ይናገራል። ደስ የሚለኝ ሄቨንስ የሚባሉት ማዕከሎች ፖሊስ ጋ ሳትሄጂም ይቀበሉሻል፣ ናሙናሽን ያስቀምጡልሻል፣ ክሱን ሲመችሽ ትወስኛለሽ።

ግራ_የገባት፦ ጋንዲ ደርሰናል። መድኃኒቱን ጀመረች። ፖሊሷን አናግሪያት ሲሏት "ነገ" አለች፣ እኔም አልጎተጎትኳትም።