13 ጥንድ አለን፤ የመጀመሪያውን የብሪጅ ዱፕሊኬት ምሽት እንዴት እናደራጀው?

ባለሰሌዳው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የክለባችን የዚህ ወር ትልቁ ዜና ዱፕሊኬት መጀመራችን ነው። እስካሁን አራት አራት ሆነን በየጠረጴዛችን የየራሳችንን ካርታ እያደልን ስንጫወት ቆይተናል፤ ከመጪው ረቡዕ ጀምሮ ግን ሁሉም ጠረጴዛ ያንኑ ካርታ ተጫውቶ ውጤቱ እንዲነጻጸር ወስነናል። የተመዘገቡት 13 ጥንዶች ናቸው። አዳራሹ የተፈቀደልን ከምሽቱ 12፡30 እስከ 3፡45 ነው። በእጃችን 7 ጠረጴዛ፣ 24 ቦርድ (የአራቱም ተጫዋቾች ካርታ በየኪሱ የሚቀመጥበት መያዣ) ከነካርታው እና 28 የጨረታ ሳጥን አለ። ውጤት የሚመዘግብ መሣሪያ የለንም፤ ሁሉም በወረቀት ነው።

ጎዶሎው ጥንድ የት ይቀመጥ? ስንት ቦርድ ይበቃናል? በዕለቱ አንድ ጥንድ ቢቀር ወይም 14ኛ ጥንድ በር ላይ ቢመጣስ? የውጤቱን ስሌት ደግሞ በምሳሌ የሚያሳየን ብናገኝ ደስ ይለናል። ግማሾቹ ተጫዋቾች ዱፕሊኬት ዓይተው አያውቁም።

አራተኛው ወንበር፦

እንኳን ደስ አላችሁ። 13 ጥንድ የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም፤ እንዲያውም ከ12 ይሻላል። 7 ጠረጴዛ ዘርጉ። የጠረጴዛው ብዛት ጎዶሎ ስለሆነ ቀላሉ የሚቸል አዟዟር ያለ አንዳች ማስተካከያ ይሠራላችኋል። በሰሜንና በደቡብ ወንበር ፊት ለፊት የተቀመጡት ጥንዶች (ሰሜን-ደቡብ) ከቦታቸው አይነሱም። ምሥራቅ-ምዕራብ ዙር ባለቀ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ከፍ ያለ ቁጥር ይሄዳሉ፤ ከ7 ወደ 1 ይዞራሉ። ቦርዶቹ በተቃራኒው ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይወርዳሉ፤ የ1 ቦርዶች ወደ 7 ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ በ7 ዙር እያንዳንዱ ምሥራቅ-ምዕራብ ጥንድ ሁሉንም ጠረጴዛ ያዳርሳል፤ አንድም ቦርድ ሁለት ጊዜ አይገጥመውም።

ክፍት የምትተዉት ቦታ የጠረጴዛ 7 ሰሜን-ደቡብ ይሁን። 14ኛ ጥንድ ከመጣ እዚያ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ የሌላው ሰው ቦታ አይነካም። በ2ኛው ዙር ቢደርሱም ይገባሉ። ማን መቼ እንደሚያርፍም አስቀድሞ ይታወቃል፦ ምሥራቅ-ምዕራብ 7 በ1ኛው ዙር፣ 6 በ2ኛው፣ እንዲህ እያለ 1 በመጨረሻው ዙር። ስለዚህ ከሥራ ዘግይቶ ለሚደርስ ጥንድ 7 ቁጥርን፣ ቀደም ብሎ መሄድ ለሚፈልግ 1 ቁጥርን ስጡት። መነሳትና መቀመጥ የሚከብዳቸውን አዛውንቶች ሰሜን-ደቡብ አስቀምጧቸው። ብርቱዎቹን ሁሉ ግን በአንድ አቅጣጫ አታከማቹ። በሚቸል የምትወዳደሩት በእናንተው አቅጣጫ ከተቀመጡት ጋር ነው፤ አንዱ ወገን ከከበደ የዚያ ወገን አንደኛነትና የሌላው ወገን አንደኛነት እኩል አይመዘንም።

ቦርዱ 21 ይብቃችሁ፤ በየዙሩ 3። የለመደ ተጫዋች አንድ ቦርድ በ7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጨርሳል፤ እናንተ 8 ያዙ። አንድ ዙር 24 ደቂቃ፣ 7 ዙር 168 ደቂቃ ይሆናል፤ ማለትም 2 ሰዓት ከ48። ከ4ኛው ዙር በኋላ 15 ደቂቃ የቡና ዕረፍት ሲጨመር 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ። የምትተርፈው 12 ደቂቃ ለመጀመሪያው ዙር መበወዣና ማደያ ናት። በየዙሩ 4 ቦርድ እንጫወት የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሱ 28 ቦርድ ይፈልጋል፣ 224 ደቂቃም ይፈጃል። አዳራሹ ይዘጋባችኋል። ሲኒውን ደግሞ ከመጫወቻው ጠረጴዛ አርቁት፤ አንድ የቡና ጠብታ ያረፈበት ካርታ ከጀርባው ይታወቃል፤ ያ ፓኮ ከዚያ በኋላ ለውድድር አይሆንም።

ጠረጴዛ ሰባት፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ባዶ ወንበር ያለበት ሚቸል የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ ያው ባዶው ወንበር ጋ ነው። ቦርድ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ የማስተላለፍ ኃላፊነት የሰሜን ነው፤ በጠረጴዛ 7 ላይ ደግሞ ሰሜን የለም። ዙሩ ሲያልቅ 3ቱ ቦርዶች እዚያው ይቀራሉ፣ ከጠረጴዛ 1 የመጡት ይደረቡባቸዋል፣ ጠረጴዛ 6 ባዶ እጁን ይጠብቃል። መድኃኒቱ አንድ ወረቀት ነው፦ «እዚህ ያረፈ ጥንድ ቦርዶቹን ወደ ጠረጴዛ 6 ያደርሳል» ብላችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ።

በመጀመሪያው ዙር ከቦርድ 19 እስከ 21 ያሉትን ማን ይበውዛል የሚለውም ይረሳል። በዚያ ዙር 7 ላይ የሚያርፉት ምሥራቅ-ምዕራብ 7 ይበውዙ፣ 13 13 ካርታ አድለው በየኪሱ ይክተቱ። እነዚያን ቦርዶች እስከ መጨረሻው ስለማይጫወቷቸው ቢነኳቸው ችግር የለውም። እነሱ ዘግይተው የሚደርሱ ከሆነ ዳይሬክተሩ (የምሽቱ ዳኛ) ያድል። ከዚያ በኋላ ማንም ዳግም እንዳይበውዝ! ካርታው እንዳለ መተላለፉ ነውና የዱፕሊኬት ሁሉ ነገሩ፣ በ2ኛው ዙር አንድ ጠረጴዛ በልማድ ሰብስቦ ቢበውዝ የዚያ ቦርድ ንጽጽር ከነአካቴው ይጠፋል።

ያረፈ ጥንድ በየጠረጴዛው እየዞረ እንዳያይም በጊዜ ንገሯቸው። ዛሬ ከሰው ትከሻ ጀርባ ያዩትን ቦርድ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሳቸው ሊጫወቱት ይችላሉ።

አሁን ለጀማሪዎቹ። ቦርዱ ጨዋታው እስኪያልቅ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጥ፤ «ሰሜን» የሚለው ምልክት ሰሜን ወደተቀመጠበት ይዙር። እያንዳንዱ ሰው ካርታውን ከኪሱ ሲያወጣ ፊቱን ሳያይ ይቁጠር። 13 ካልሆነ ሳያይ ዳይሬክተሩን ይጥራ፤ ካየ በኋላ ከሆነ ማረሙ ይከብዳል። በተራ ጨዋታ የለመድነው፣ የተጣሉትን አራት ካርታዎች (አንድ ትሪክ) አሸናፊው መሀል ላይ መሰብሰቡ፣ እዚህ የለም። እያንዳንዱ የጣለውን ካርታ ከፊቱ ላይ ገልብጦ ያስቀምጣል፦ ትሪኩን የእሱ ወገን ካሸነፈ ካርታውን ወደ አጋሩ በቁመት፣ ከተሸነፈ በአግድም። በመጨረሻ አጋሮች ተመሳሳይ ረድፍ፣ ተቃራኒዎቻቸው ደግሞ የዚያን ተገላቢጦሽ ይኖራቸዋል፤ ስንት ትሪክ እንደተገኘ ክርክር ከተነሳ ከረድፉ ላይ ይቆጠራል። በውጤቱ ሳትስማሙ ካርታውን አታንሱ። ከተስማማችሁ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን 13 በውዞ ወደ ራሱ ኪስ ይመልስ።

የጨረታ ሳጥኑን በሚመለከት፦ ከ1 ክለብ እስከ 7 ኖትራምፕ 35 የጥሪ ካርዶች፣ በተጨማሪም ፓስ (አልፌአለሁ)፣ ደብል (ተቃራኒ የጠራውን ውጤት የሚያከብድ) እና ሪደብል አሉበት። የሚጠራው ካርድ ከኋላው ካሉት ዝቅተኛ ጥሪዎች ጋር አንድ ላይ ይወጣል፤ አንዱን ብቻ መዞ ማውጣት ካርዱን ይቀድዳል፣ የሳጥኑንም ቅደም ተከተል ያዛባል። ዋናው ነገር ግን መጀመሪያ ወስኖ ከዚያ ሳጥኑን መንካት ነው። ጣት ደብል ላይ አርፎ ወደ ፓስ ከተመለሰ አጋር መስማት የሌለበትን ሰማ ማለት ነው።

ባለሒሳብ፦

ስሌቱን ልውሰደው። ከእያንዳንዱ ቦርድ ጋር አንድ ተጓዥ ወረቀት ተጣጥፎ ይሂድ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰሜን ይጽፋል፣ ምሥራቅ ዓይቶ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በፊት አይከፈትም፣ የቀደሙት ውጤት ይታይበታልና። አንድ የአማርኛ ችግር አለ፦ ምሥራቅም ምዕራብም በ«ም» ይጀምራሉ። ውሉን (በጨረታው የጸናውን የመጨረሻ ጥሪ) የተጫወተውን ሰው «ም» ብሎ የጻፈ ወረቀት ምሽቱ ሲያልቅ ማንም አይፈታውም። «ምሥ» እና «ምዕ» ብላችሁ ተስማሙ።

በእናንተ አደራደር እያንዳንዱ ቦርድ አንድ ጊዜ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ስለሚያርፍ 6 ጊዜ ይጫወታል። ለእያንዳንዱ ሰሜን-ደቡብ ጥንድ በዚያ ቦርድ ለበለጠው ጥንድ ሁሉ 2 ነጥብ፣ እኩል ለወጣው 1 ነጥብ ስጡ። ከፍተኛው 10 ይሆናል።

ቦርድ 2ን እንውሰድ፤ ሰሜን-ደቡብ ተጋላጭ (ሽልማቱም ቅጣቱም የሚከብድባቸው) ናቸው፣ ምሥራቅ-ምዕራብ አይደሉም። አንዱ ጠረጴዛ 4 ስፔድ (10 ትሪክ አገኛለሁ ማለት ነው) ጠርቶ 11 ትሪክ አገኘ፣ 650። ሁለት ጠረጴዛዎች ያንኑ ጠርተው 10 አገኙ፣ 620 620። አንዱ ጋ ምሥራቅ-ምዕራብ 5 ዳይመንድ ብለው ተከላከሉ፣ ደብል ተባሉ፣ 3 ጎደላቸው፤ 500 ለሰሜን-ደቡብ። አንዱ 2 ስፔድ ላይ ቆሞ 10 ትሪክ ወሰደ፣ 170። የመጨረሻው 4 ስፔድ ጠርቶ 1 ጎደለው፣ 100 ለምሥራቅ-ምዕራብ። ነጥቡ በቅደም ተከተል 10፣ 7፣ 7፣ 4፣ 2፣ 0 ይሆናል። 620ዎቹ 7 ያገኙት ሦስት ጥንድ በልጠው (6) ከአንዱ እኩል ስለሆኑ (1) ነው። ምሥራቅ-ምዕራብ ከ10 የቀረውን ይወስዳሉ፤ በ5 ዳይመንድ 500 ያስረከቡት 6 አገኙ፣ 4 ስፔድን ዝም ብለው አስጫውተው ውሉ ከተሳካባቸው ይበልጣሉ ማለት ነው። አንዲት ትርፍ ትሪክም 8ን ወደ 10 አሳደገች። በየጠረጴዛው ለየብቻ ለሚጫወት ሰው 30 ነጥብ ምንም ነው፤ እዚህ ግን ምሽቱን ይወስናል።

የሰሜን-ደቡብ ነጥብ ድምር በእያንዳንዱ ቦርድ 30 መሆን አለበት (6 × 5)። 29 ወይም 31 ከመጣ ስህተቱ እዚያው ወረቀት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ በተሳሳተው ወገን ዓምድ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህንን ግን ድምሩ አይዝላችሁምና ከውሉ ጋር አስተያዩት።

መጨረሻ ላይ በመቶኛ ለውጡት። ሰሜን-ደቡብ 21 ቦርድ ስለሚጫወቱ ከ210፣ ምሥራቅ-ምዕራብ አንድ ዙር ስለሚያርፉ 18 ቦርድ፣ ከ180። አንደኛም ከየአቅጣጫው ለየብቻ ይሁን፤ ለመጀመሪያ ምሽት ሁለት አሸናፊ መኖሩ ደግ ነው። አንድ አሸናፊ ብቻ ካስፈለገ በመጨረሻው ዙር ቦርዶቹን ሩብ ዙር አዙራችሁ ሰሜን-ደቡብ የምሥራቅ-ምዕራብን ካርታ ይጫወቱ፤ በ7 ዙር ውስጥ አንዱ ለዚህ ይበቃል። ለረቡዕ ግን አልመክርም፣ የወረቀት ስሌት ያወሳስባል።

ባለሰሌዳው፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የጠረጴዛ 7ን ነገር ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። 12 ጥንድ ብቻ ከተገኘስ? ዳይሬክተር የምትሆነን እኅታችን ደግሞ በብዛት ለዳኝነት የምትጠራባቸው ጉዳዮች የትኞቹ ይሆናሉ?

አራተኛው ወንበር፦

12 ጥንድ 6 ጠረጴዛ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ተራው ሚቸል ይሰናከላል። ምሥራቅ-ምዕራብ አንድ ሲወጡ ቦርዱ አንድ ይወርዳል፤ በየዙሩ የሁለት ልዩነት ይፈጠራል፣ ከ3 ዙር በኋላ ልዩነቱ 6 ይደርስና በ1ኛው ዙር የተጫወቱት ቦርድ ተመልሶ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ 3ኛው ዙር ሲያልቅ ምሥራቅ-ምዕራብ አንድ ጠረጴዛ ይዝለሉ፤ ለምሳሌ 2 ላይ የነበሩት ወደ 4። ቦርዶቹ እንደ ወትሮው ይውረዱ። 5 ዙር ብቻ ይሆናል። 24ቱንም ቦርድ አውጡ፣ በየዙሩ 4፤ እያንዳንዱ ጥንድ 20 ይጫወታል፣ አንድ ቦርድ 5 ጊዜ ስለሚጫወት ከፍተኛው 8 ነው። ዝላዩን ከመነሳታቸው በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንድ ጥንድ ከረሳው ሁለት ጥንድ አንድ ወንበር ላይ ይገናኛሉ።

ጠረጴዛ ሰባት፦

ለዳይሬክተሯ፦ አንደኛው ከተራ ውጪ የተከፈተ የመጀመሪያ ካርታ ነው። የመጀመሪያው ካርታ ሁልጊዜ ተደፍቶ እንዲቀርብና አጋር «ጥያቄ የለኝም» ካለ በኋላ ብቻ እንዲገለበጥ ካስለመደቻቸው ይህ ጥሪ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ተደፍቶ ያለ ካርታ በዳይሬክተር ትእዛዝ ይመለሳል። ከተገለበጠ ውሉን የሚጫወተው ሰው አምስት ምርጫ አለው፦ ካርታውን ዘርግቶ ራሱ ደሚ (ካርታው ተዘርግቶ አጋሩ የሚጫወትለት) መሆን፤ ካርታውን ተቀብሎ ደሚውን ዓይቶ ከእጁ መጫወት፤ ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲቆይ አድርጎ ትክክለኛው ሰው የፈለገውን እንዲያወጣ መፍቀድ፤ ወይም ካርታው ወደ እጅ ይመለስና ያንን ዓይነት (ለምሳሌ ስፔድ ወይም ዳይመንድ) እንዲያወጣ ማዘዝ፤ አለዚያም ተራው በእጁ እስካለ ድረስ እንዳያወጣ መከልከል። አምስቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘርዝራ ትንገራቸው እንጂ እሷ አትምረጥ።

ሁለተኛው፣ በትሪኩ መጀመሪያ የወጣው ዓይነት በእጁ እያለ ሌላ መጣል። እሱ ወይም አጋሩ ለቀጣዩ ትሪክ ካርታ ካልጣሉ ይታረማል። ካለፈ በኋላ፦ ያጠፋው ሰው ያንን ትሪክ በራሱ ካርታ ካሸነፈና ወገኑ ከዚያ በኋላ ሌላ ትሪክ ካገኘ 2 ትሪክ ይተላለፋል፤ ከጥፋቱ ትሪክ ጀምሮ ወገኑ ያገኘው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ትሪኩን ያሸነፈው ካርታ የእሱ ካልሆነ 1፤ ከዚያ ጀምሮ ምንም ካላገኙ አይተላለፍም። ከፊት የተደረደሩት ካርታዎች ሳይነሱ የቆዩበት ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ከተቀላቀሉ ማስረጃ የለም።

ሩብ ዙር ዞሮ የተቀመጠ ቦርድ ከተጫወቱ ያ ውጤት ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም፤ ምንም ጥፋት ለሌለበት ጥንድ ቢያንስ 60 ከመቶ፣ በከፊል ላጠፋ 50፣ ላጠፋው ቢበዛ 40 ይሰጣል። የ2017ቱን የዱፕሊኬት ሕግ አትማ ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጥ፤ በቃሏ ከመፍረድ ይልቅ ገጹን ገልጣ ታንብብላቸው።