ልጄ ስኬቲንግ ላይ ጎበዝ ናት ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

የቨርጂኒያ እናት፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ በረዶ ላይ ስኬቲንግ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ባለፈው ወር ነጠላ አክሰል የሚባለውን ዝላይ ዘላ ሳትወድቅ አረፈች። አሰልጣኟ ከእኔ በላይ ጮኸች። አሁን «የቡድኑ ይቅር፣ በግል ትሠልጥን፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከትምህርት ቤት በፊት» ትለኛለች። አባቷ ደግሞ «ምን ያጣድፋል?» ይላል። እኔ የማውቀው ስፖርት ሩጫ ብቻ ነው። ብንቆይ ያመልጣታል? ወጪውስ?

ምንትዋብ፦ እንኳን ደስ አለሽ! አክሰል ቀልድ አይደለም። ሌሎቹን ዝላዮች ወደ ኋላ እየሄዱ ነው የሚነሱት። አክሰል ግን ወደ ፊት እየሄዱ ተነስተው ወደ ኋላ እየሄዱ ስለሚያርፉ ነጠላው ራሱ አንድ ዙር ተኩል ነው። ጥድፊያውን ግን ተዪው፤ ባለቤትሽ ልክ ነው። አሜሪካዊቷ ስኬተር ታራ ሊፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ስትወስድ 15 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ቢሆን አትገባም። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር በ2022 የትልልቆቹን ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ 17 ለማሳደግ ወስኗል። ለጁኒየር (ለታዳጊዎቹ ውድድር) እንኳ 13 መሙላት አለባት።

የሁለት ስኬተሮች አባት፦ እህቴ፣ ስለ ወጪው እኔን ጠይቂኝ። ጫማውና ከሥሩ የሚገጠመው ስለት ለየብቻ ነው የሚገዛው። እግሯ ደግሞ ያድጋል። እንደ ትምህርት ቤት ጫማ «ትደርስበታለች» ብለሽ ሰፊ እንዳትገዢ፤ ቁርጭምጭሚቷን አይይዝላትም። ስለቱንም ላገኘሽው ሰው አትስጪ። አንድ የሆኪ ስለት የሚስል ሰውዬ የልጄን ስለት ከፊት ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ ሞርዶ መለሰልኝ። እነሱ ከሌሉ ብዙ ዝላይ የለም። ስለት እንደ አዲስ ገዛሁ። አሰልጣኟን ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቂያት፦ የእሷን ሰዓት፣ የበረዶውን ሰዓት፣ የውድድር ምዝገባውን፣ ለውድድር አብራችሁ ስትሄድ የምታስከፍለውን። እኔን ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው።

በረዶ ላይ ያደግኩ፦ እኔ በ14 ዓመቴ አቆምኩ። ጀርባዬ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ መኪና ውስጥ ቁርሴን እየበላሁ፣ ክፍል ውስጥ እተኛ ነበር። «አሞኛል» ማለት እፈራ ነበር፤ እናቴ የከፈለችው ገንዘብ ይታየኛላ። አሜሪካዊቷን ስኬተር አሊሳ ሊዩን እዩዋት። በ2019፣ በ13 ዓመቷ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ16 በቃኝ ብላ ተወችው። ተመልሳ በ2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በሳምንት 3 ቀን ጀምሩ። ልጅቷንም ጠይቋት እስኪ፣ ማንም ስለ እሷ ፍላጎት አላነሳም።

የቨርጂኒያ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠየቅኳት። «3 ቀን፣ ግን ከጓደኞቼ ጋር የቡድኑም ይኑር» አለች። ጫማውን ግን አንድ ቁጥር አስበልጬ ገዝቼው ቁጭ ብሏል። ነገ ደረሰኙን ይዤ ልሂድ።