«ታጠቅ» ትእዛዝ ነው ወይስ መብት?

ጌፈርሳ ማዶ፦
የቃል ወዳጆች፣ እንዴት አመሻችሁ። ዛሬ የመጣሁት የሰው የቤት ሥራ ይዤ ነው። የእህቴ ልጅ ሕግ ትማራለች። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ወደ አማርኛ መልሱ ተብለው፣ «አጎቴ፣ አማርኛ የአንተ ነው» ብላ እኔ ላይ ጣለችው። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛው 27 ቃል ብቻ። እስካሁን የደረስኩበት ይኸውና፦

«በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነጻ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ እንደመሆኑ፣ ሕዝቡ የጦር መሣሪያ የመያዝና የ... መብቱ አይነካም።»

ያቺ ነጠብጣብ፣ በእንግሊዝኛው «bear arms» የሚለው፣ እንቅልፍ ነሳችኝ። «የመሸከም» ካልኩ ሳጥን ከመኪና የሚያወርድ ሰው ይመስላል። «የመታጠቅ» ካልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምኖረው ከቡራዩ አለፍ ብሎ፣ በሆለታ መንገድ ነው። ጠዋት ጠዋት የታክሲ ረዳቱ «ታጠቅ! ታጠቅ! የሞላ!» ይላል። ለእኔ ሁልጊዜም የቦታ ስም ነበር። ትናንት ግን ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ሰልፍ ላይ ስሰማው ልጁ የሚያዘኝ መሰለኝ። እውነትም ትእዛዝ ነው፤ «አንተ፣ ታጠቅ!» ትእዛዝ የሆነ ቃል እንዴት ተብሎ መብት ይሆናል?

የኔታ ዘሰበታ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ከወገብ እንነሳ። ታጠቀ ማለት ወገቡን አሰረ ማለት ነው፤ ብረቱ የመጣው ኋላ ነው። እናትህ መቀነቷን ትታጠቃለች፤ ኳስ ተጫዋቹም «የስፖርት ትጥቅ» አለው፤ ሁለቱም አይተኩሱም። «ታጥቆ ተነሳ» ሲባል ቆርጦ ተነሳ ነው። «ትጥቁን ፈታ» ሲባልም ጠመንጃውን አስረከበ ብቻ አይደለም፤ ወኔው ከዳው ማለትም ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በድሮው ወግ ሰው ጌታው ፊት ሲቀርብ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያስር ነበር። ይህ ማደግደግ ይባላል፤ «አደግድጎ ቆመ»። ያው ጨርቅ፣ ያው ወገብ። ለመዋጋትም ይታሰራል፣ ለመታዘዝም ይታሰራል። ስለዚህ ቃሉ ውስጥ አዛዥ አለ ያልከው ከንቱ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም በፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበሩ፤ ታጠቅ ባይ ማን እንደነበረ ከስሙ ታየዋለህ።

ጡረተኛው (ቃሊቲ)፦
የረዳቱን ታጠቅ ለእኔ ተዉት። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ በእናት ሀገር ጥሪ ተሰብስቦ የሠለጠነበት ጦር ሰፈር ነው። ያኔ ነው «ሚሊሻ» የሚለው ቃል በየሰዉ አፍ የገባው። ስለዚህ ጌፈርሳ ማዶ፣ ነጠብጣቧን ብቻ አትጠርጥር፤ «ሚሊሻ»ህንም ጠርጥረው። የእኛ ሚሊሻ ጠመንጃውም ትእዛዙም ከላይ የተሰጠው ነው። ዛሬም ሚሊሻ ስትለኝ የሚታየኝ፣ ቀበሌ በር ላይ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ነው። ከዚያ ሰውዬ «ነጻ መንግሥት» የሚለው ቃል ጋር እንዴት ታደርሰኛለህ?

ሱሉልታ ብርዱ፦
😂 ቆሎውን እኔም አይቼዋለሁ።

ነጠብጣቧን በተመለከተ፦ «አነገተ»ስ? ከአንገት የመጣ ነው፤ በማንገቻው ትከሻ ላይ አንጠለጠለ። እኛ ሰፈር አንድ ዘበኛ አሉ። ግቢው የተሠራው ድሮ እሳቸው ገብስ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው፤ አሁን የሚጠብቁት እሱኑ ነው። ምንሽራቸው ማንገቻ የላትም፤ ጠፍሩ ቢበጠስ በአህያ መጫኛ ገመድ ቀጥለውታል። ሲቀመጡ እንኳ አያወርዷትም። «አባባ፣ ለምን አያሳርፏትም?» ብላቸው «ካወረድኩማ መሣሪያ ሆነች» አሉኝ። እስካሁን ፍችው በደንብ አልገባኝም፤ ግን አነገተ የሚለውን ቃል ባሰብኩ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

ዛሬ ደግሞ በጋዜጣው «አነገበ» ሆኖ ዓላማ ሁሉ ይነገባል። «ዓላማ አንግቦ የተነሳ ማኅበር።» ብረት ሲጠፋ ቃሉ ሥራ አልፈታም።

ሕግ ነክ ከለገጣፎ፦
ጌፈርሳ ማዶ፣ የእህትህ ልጅ መምህር ተንኮለኛ ናቸው። አንተን እንቅልፍ የነሳችህ ነጠብጣብ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሁለት ከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ሄለር በተባለው ጉዳይ ክርክሩ በአብዛኛው የቋንቋ ነበር፤ የሥነ ልሳን መምህራን ሳይቀሩ ለፍርድ ቤቱ አስተያየት በጽሑፍ አስገብተዋል። አምስቱ ዳኞች፣ በስካሊያ ብዕር፣ ቃሉ እንዲሁ «ይዞ መንቀሳቀስ» ማለት ነው፤ መብቱም የእያንዳንዱ ሰው ነው አሉ። አራቱ ተለዩ። ስቲቨንስ ያ አነጋገር ፈሊጥ ነው፤ በዘመኑ ሰሚ ጆሮ «ወታደር ሆኖ ማገልገል» ማለት ነበር አሉ። እንግዲህ «አነገተ» ስትል ከአምስቱ ጋር ነህ፤ «ታጠቀ» ስትል ወደ አራቱ ትጠጋለህ። በአማርኛ መሐል ላይ መቆም አይቻልም።

ለጋሼ ጡረተኛው፦ የእነሱ ሚሊሻ የራሱን ጠመንጃ ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ጎረቤት ነበር። ከሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች አንዱ የነበሩት ማዲሰንም ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት የተከራከሩት እንዲህ ብለው ነው፦ ማዕከላዊው መንግሥት ጦር ቢያዘምት እንኳ፣ የታጠቀና የየግዛቱ መንግሥት የሚመራው ሕዝብ ይገታዋል። የነጻነት ዋስትና የሚባለው ሐሳብ ሥሩ እዚያ ነው። ግን እዚያም አዛዥ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. የ1792ቱ የሚሊሻ ሕግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለ ነጭ ወንድ ዜጋ ጠመንጃውን በራሱ ወጪ እንዲያዘጋጅ ያዝዝ ነበር። ያዝዝ! ጥቁሩን አልጠራውም። መብት የተባለው ነገር በዓመቱ ግዴታ ሆኖ መጣ፤ ያውም ለተመረጠ ሰው።

የእኛው ሕግ በቃል ረገድ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 «ፈቃድ» ነው የሚለው። ሕገ መንግሥታችንም ስለ መታጠቅ መብት የሚናገር አንቀጽ የለውም። ለእኔ የቃል ጠብ የለም፦ እዚያ መብት፣ እዚህ ፈቃድ።

የኔታ ዘሰበታ፦
እህት ዓለም፣ ቀስ። መብት ራሱ ከግእዙ «መባሕት» የወጣ ነው። በውሐ፣ አበሐ፦ ፈቀደ፣ አሰናበተ። መባሕት፦ ፈቃድ፣ ሥልጣን። ብውሕ፦ የተፈቀደ። እዚህ መብት፣ እዚያ ፈቃድ ብለሽ የለያየሻቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ከግእዝ ቤት ወጥቶ ኮት ለበሰ እንጂ።

ሕግ ነክ ከለገጣፎ፦
ኧረ የኔታ! ይኼንን ፍርድ ቤት እንዳያዩብኝ።

ግን አልሸነፍም። ሥሩ ምንም ይሁን፣ ዛሬ «መብቴ ነው» የሚል ሰው «ተፈቅዶልኛል» ማለቱ አይደለም፤ ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም አይወስድብኝም ማለቱ ነው። ቃል ከእናቱ ቤት ይወጣል።

የኔታ ዘሰበታ፦
ይወጣል፤ ይኼስ ሐቅ ነው። እንዲያውም ምስክር ልሁንሽ። በግእዝ «ሐራ» ማለት ጭፍራ፣ ወታደር ነው። «ሐራዊ» ደግሞ ወታደርም ነው፣ ባሪያ ያልሆነ ጨዋ ሰውም ነው። ከዚሁ ቤት ነው «አርነት» የመጣው፤ ወንጌሉ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» የሚለው። ተመልከቺ፦ የወታደርና የነጻ ሰው ስም አንድ ነበር። የታጠቀ ነጻ ነው፣ ነጻም የታጠቀ ነው። አሜሪካኖቹ በ27 ቃል የደከሙበትን ግእዝ በሁለት ፊደል ጨርሶታል።

የ«ጨዋ» መንገድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በግእዝ ፄዋ ምርኮ ነው። በነዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጨዋ የሚባሉት ንጉሡ በየአውራጃው ያሰፈሯቸው ጭፍሮች ነበሩ። ዛሬ ጨዋ ማለት ሰው አክባሪ፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ። ቤተ ክህነት ስትገቢ ደግሞ ጨዋ ያልተማረ ሕዝባዊ ነው። ምርኮኛው ወታደር፣ ወታደሩ ባላባት፣ ባላባቱ መሃይም! ከምርኮ ወደ ክብር ያሸጋገረው ግን ብረቱ ነው።

ጡረተኛው (ቃሊቲ)፦
የኔታ፣ እጅ እነሳለሁ፤ ግን የታጠቀ ነጻ ነው የሚለውን ልውጠው አልቻልኩም።

መጋቢት 1969 አዲስ አበባ ላይ የቤት ለቤት አሰሳ ሆነ። መሣሪያ ፍለጋ ነው። አባቴ የአያቴ ውጅግራ ነበረችው። (ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» የመጣ ነው፤ ግራ የተባለው ሰው የሠራት ጠመንጃ ማለት። ይህችን ለልጆቹ።) ሌሊት በቅቤ የተነከረ አቡጀዲ ጠቀለለባት፣ ላዩ ላይ የፍየል ቆዳ፣ ከጓሮ ጌሾው ሥር ቀበራት። እኔ ፋኖስ ያዥ ነበርኩ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ስናወጣት ሰደፉን ምስጥ ጨርሶታል። ብረቱ ብቻ፣ እንደ ውሃ ቧንቧ። አባቴ አያትና «አሁን ለበር መቀርቀሪያ ትሆናለች» አለ። ሆነችም፤ እስከ ዛሬ የፍየሎቹ በረት የሚዘጋው በእሷ ነው።

በዚያው ዘመን እያንዳንዱ ቀበሌ የታጠቀ «አብዮት ጥበቃ» ነበረው። ከሰፈራችን የወጡ፣ ስማቸውን የምናውቃቸው ልጆች ናቸው፤ ሕዝብ ታጠቀ ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወጣቱን ያለ ፍርድ መግደል ደግሞ «ነጻ እርምጃ» ይባል ነበር። ነጻ! የኔታ፣ ከ«ንጹሕ» ቤት የመጣ ቃል አይደለም እንዴ? እሱን ቃል እዚያ ቦታ የሰማ ሰው፣ «ነጻ» እና «መሣሪያ» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያይ ጀርባው ይቀዘቅዛል።

የኔታ ዘሰበታ፦
ከንጹሕ ነው። አዎ።

ሱሉልታ ብርዱ፦
ጋሼ፣ ይቅር ይበለን እንጂ ምን ይባላል።

ሌላኛውንም ወገን ግን አንርሳ። ትእዛዝ ሳይኖር የታጠቀ ሰው ስምም አለን። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ሲወጡ፣ «ታጠቅ» የሚል ዙፋን አልቀረም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ገባ። አርበኛው ዱር የገባው በራሱ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ። «ፋኖ» የሚለውም በጥንቱ አገባቡ ሳይጠራ፣ ስንቁን ራሱ ይዞ የሚዘምት ማለት ነው። «አልሞት ባይ ተጋዳይ» የምንለውስ? እዚያ ውስጥ አዛዥ የት አለ?

አስተባባሪ፦
የ«ፋኖ»ንና የ«ነፍጠኛ»ን የዛሬ ፖለቲካ እዚህ እንዳንከፍት አደራ። ቃሉን ብቻ።

ሱሉልታ ብርዱ፦
ቃሉን ብቻ ነው ያልኩት። ነፍጥን ካነሳችሁማ፦ ከዓረብኛው ናፍጥ ነው፤ የሚቀጣጠል ዘይት፣ የዛሬው ናፍጣ ወንድም። ነፍጠኛና ናፍጣ ቀጂ ዘመዳሞች ናቸው። በቃ፣ ዘጋሁ።

ሕግ ነክ ከለገጣፎ፦
«አልሞት ባይ ተጋዳይ» ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ስለ መንግሥት አይደለም፣ አንገቱ ስለተያዘ ሰው ነው። ሄለርም ያሸነፈው በዚያ በኩል ነው፤ ፍርዱ ያተኮረው ቤትንና ራስን በመከላከል ላይ ነበር። አምባገነንን መግታት የሚለው የቆየ ምክንያት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ለጋሼ ጥያቄም መልስ የለኝም። የታጠቀው ሕዝብ ማነው፣ ከማን ጋር ነው የቆመው ካልተባለ፣ መሣሪያው ብቻውን ለነጻነት ዋስ መሆኑን እኔም አላምንም።

በነገራችን ላይ «ሽጉጥ» ከሸጎጠ ነው፤ የተሸጎጠ፣ የተደበቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብሩን በተባለው ጉዳይ የተከራከሩት ሽጉጥን ከቤት ውጭ ደብቆ ስለ መያዝ ነበር። አማርኛ ቢሆን ኖሮ ስሙ ራሱ ይመሰክር ነበር።

ጌፈርሳ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

እንዲህ አደረግኩት፦ «ሕዝቡ መሣሪያ በቤቱ የማኖርና አንግቶ የመንቀሳቀስ መብቱ አይነካም።» ከአምስቱ ዳኞች ጋር መሆኔን አውቄያለሁ፤ ዛሬ የሚሠራበት ፍርድ እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። «የመታጠቅ»ን ግርጌ አስገብቼ፣ «ወታደራዊ አገልግሎት ብለው የተረዱት አራት ዳኞች ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። «ሚሊሻ»ን ልቀይር ብዬ «የአገሬው ዘብ» ሞከርኩ፤ ልጅቷ ሳቀችብኝ፤ ባለበት ተውኩት። የጋሼን ቆሎ ቆርጣሚ ግን ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም።

አሁን ደግሞ ደውላ «አጎቴ፣ ነጠላ ሰረዙን ስንት ቦታ ላድርግ?» ትለኛለች። እንግሊዝኛው በአንዱ ቅጂ ሦስት ቦታ አለው፣ በሌላው አንድ። በዚያም ተጣልተዋል አሉ።

የኔታ ዘሰበታ፦
እሱን ነገ ከቅዳሴ መልስ እናየዋለን። ወረቀቱን ይዘህ ና።