የሮማ ወርቅ ሳንቲም ላይ ወታደር ምን ይሠራል?

የሱሉልታው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ሱሉልታ አንድ ደላላ ጎረቤቴ የጥንት ሮማ ወርቅ ነው ብሎ ሳንቲም እያዞረ ነው፣ ባንድ በኩል የንጉሥ ፊት በሌላው ግንብ ነገርና መሀሉ ላይ ወታደር አለ፣ ቆይ ንጉሥ እያለ ወታደሩን ምን አመጣው?

ታሪክ ወዳድ፦ የሮማው ንጉሥ የቀላውዴዎስ ይመስላል። በፈረንጆቹ 41 ዓ.ም ከሱ በፊት የነገሠው ካሊጉላ ሲገደል እሱን ዙፋን ላይ ያወጡት የቤተ መንግሥት ዘበኞቹ ናቸው፣ ለያንዳንዳቸው 15,000 ሴስተርስ (የሮማ ገንዘብ) ቃል ገባላቸው፣ ከዛ ካምፓቸውን ከነግንቡ ወርቅ ላይ አሳተመው፣ ውለታ አይረሳም ሰውዬው 😂

ለገጣፎ፦ ቲቪ የለ ሬዲዮ የለ፣ ፕሮፓጋንዳው ሳንቲሙ ነበር እኮ። የሮማው ጄኔራል ማርክ አንቶኒም ከአክቲየም የባሕር ውጊያ በፊት የየሌጌዎኑን (የጦር ክፍሉን) ቁጥርና የንስር ዓርማ ሳንቲም ላይ እያተመ ነው ለወታደሩ የከፈለው፣ አብዛኛው ግን ወርቅ ሳይሆን የብር ሳንቲም ነው። የኛ አክሱሞች ደግሞ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የንጉሡን ፊት በስንዴ ዛላ ነው ያጀቡት፣ ለኔ እሱ ይበልጣል

ፉሪ፦ ብሮ መጀመሪያ አስመዝነው፣ የቀላውዴዎስ ወርቅ 7.7 ግራም ገደማ ነው። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ካለው በቅርጽ የፈሰሰ ፎርጅድ ነው። ከመሬት ወጣ ካለህ ደሞ ቅርስ ስለሆነ አትግባበት

የሱሉልታው፦ ሚዛን ስለው ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ 😅